የዓመቱ ምርጥ እንግዳ

ዋንጫዋ ትራሱ መሀል ላይ ተቀምጣ ነበር የጠበቀቻቸው። ቁመቷ ከሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም፤ አንደኛው ጆሮዋ ተጣሟል፤ ክዳኗ ላይ ኳስ ሊመታ እግሩን ያነሳ፣ ኳሱ ግን ተገንጥሎ የጠፋበት ትንሽ ሰውዬ ቆሟል። ጋሼ ፍሬን ማታ ልጃቸው ቤት ሲገቡ መንገዱም ደረጃውም አድክሟቸው ስለነበር የማን ዕቃ እንደሆነች እንኳ ሳይጠይቁ አንስተው መስኮቱ ሥር አሳረፏትና ተኙ። ልብ ያሏት ጠዋት ነው። ወገቧ ላይ የተለጠፈች ቢጫ ቆርቆሮ አለች፤ ቆርቆሮዋ ላይ ደግሞ ጽሑፍ። እጃቸውን ዘርግተው ከዓይናቸው አራቋትና ፊደሎቹ እስኪረጉላቸው ጠብቀው አነበቡ። ከላይ በትልልቁ «የዓመቱ ምርጥ እንግዳ» ይላል። ከሥሩ በትንንሹ «መጡ፤ ያገኙትን በሉ፤ ማንንም ሳያስቸግሩ ሄዱ» ይላል። መጀመሪያ ሲያነቡት ሳቅ መጣባቸው። ሁለተኛ ሲያነቡት ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። ገና መምጣታቸው ነው፤ ሻንጣቸው እንኳ አልተከፈተም፤ ሰው ግን «ሄዱ» ብሎ ቆርቆሮ ላይ ቀርጾ ጨርሷል።

ነገሩ የቤቱ ወግ ነው። የልጃቸው ባል ዋንጫና ሜዳሊያ የሚሸጥበት፣ ጽሑፍም የሚቀርጽበት ጠባብ ሱቅ አለው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ባለዋንጫው» ነው የሚለው። ሱቁ ውስጥ ባለቤት ያጣ ዋንጫ አይጠፋም። አንዱ ውድድሩ የተሰረዘበት ነው፣ ሌላው የሥራ አስኪያጁ ስም በስህተት ተጽፎበት የተመለሰ ነው፣ ሌላውን ያዘዘው ቡድን ሳይወስደው ፈርሷል። ባለዋንጫው እነዚህን ሰብስቦ ቤቱ ለሚያድር እንግዳ ሁሉ መቀበያ ያደርጋቸዋል፤ እንግዳውም በየጠባዩ ይሸለማል። ገላ መታጠቢያ ቤት ከገባ የማይወጣው የአጎቱ ልጅ «ሙቅ ውኃ በመጨረስ አንደኛ» ተብሎ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ገብቶለታል። የሚያንኮራፋው ጓደኛው ደግሞ ሕፃን ልጅ የሚያህል ዋንጫ ተቀብሎ፣ ቤቱ ቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጦት ለመጣ ለሄደው ያሳያል። ጋሼ ፍሬን ራሳቸው የሌላው ሰው ሽልማት ሲወራ ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ያውቃሉ። ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ ተሰጥቷቸው አያውቅም፤ አማች ከአማቱ ጋር መቀለድ ይከብደዋል። አሁን ሲደፍር ምነው ደስ አላላቸው?

ጋሼ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነው የነዱት፤ ፍሬን ሲይዙ ከእንቅልፉ የሚባንን ተሳፋሪ አልነበረም፤ እንቁላል የያዘ ሰው እንኳ ያለ ሥጋት ቆሞ ይሄዳል ይባልላቸው ነበር። ይህ ልማድ ከመሪው ከወረዱም በኋላ አልለቀቃቸውም። የሚፈልጉትን ነገር በቀጥታ አይጠይቁም፤ ከሩቁ ጀምረው ቀስ እያሉ ይጠጉና ሌላው ሰው በሩን እስኪከፍትላቸው ይጠብቃሉ። አሁንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የኖሩባትን ክፍል አከራያቸው ፈለጓት። «ልጄ ሊያገባ ነው፤ የት ላስገባው?» አሏቸው። ጋሼ ፍሬን «እንኳን ደስ ያለዎት» ብለው ለቀቁ። ቁምሳጥኑን የተገኘ ሰው በጠራው ዋጋ ወሰደው፤ አልጋቸውን ካርቶን ላይ ይተኛ ለነበረው ለግቢው ዘበኛ ሰጡት፤ ቁልፉን አስረከቡ። ከዚያ ለልጃቸው ደውለው «ዓይናችሁን ልይ ብዬ ነው፤ ሁለት ሌሊት አድሬ እመለሳለሁ» አሏት። የሚመለሱበት ቤት እንደሌለ ግን ትንፍሽ አላሉም።

ሐሳባቸው ይህ ነበር። በሁለተኛው ማታ ልጃቸው «ምን ያጣድፍሃል፣ ሰንበት በል እንጂ» ትላለች፤ ሰው ሁሉ ለእንግዳው እንዲህ ይላልና። እሳቸው «አይ፣ ቤቴን ለማን ጥዬ» ይላሉ። እሷ ትለምናለች፣ እሳቸው ይግደረደራሉ፣ አሁንም ትለምናለች፣ በመጨረሻ ይረታሉ። ከዚያ ሳምንት ይሆናል፤ ሳምንቱ ወር ይወልዳል፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ የቤቱ ሰው ሆነው ይገኛሉ። በር አንኳኩቶ «ማረፊያ የለኝም፣ አስገቡኝ» ማለት ለእሳቸው ከሞት አይተናነስም። ይህን ሁሉ አውጥተው አውርደው መጥተው ሳለ አንዲት ጆሮዋ የተጣመመ ዋንጫ ቀድማ ሸኘቻቸው።

ወደ ሳሎን ሲወጡ ቁርስ ቀርቧል። ሳሎኑ ከሶፋው ወደ ጠረጴዛው ለመሄድ በጎን መራመድን ይጠይቃል፤ ሦስት ሰው ከተቀመጠ አራተኛው የማቀዝቀዣውን በር ዘግቶ ነው የሚያልፈው። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ትናንት የማታ ተረኛ ስለነበረች ሲመጡ አላገኟትም፣ ስትገባ ደግሞ ተኝተው ደረሰች። ነጭ ጋውኗ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሷም እንደ ቆመች ነው ሻይ የምትጠጣው። ጉንጫቸውን ሳመቻቸው፣ ከሳህ አለቻቸው፣ እንቁላሉን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው። ከዚያ በኋላ የሁሉም ዓይን ሳህኑ ላይ ወደቀ።

«ወደዷት አባባ?» አለ ባለዋንጫው። ዳቦውን በጉንጩ ይዞ ፊታቸውን ያያል።

«ቆንጆ ናት» አሉ።

«አላሳቀችዎትም እንዴ?»

«እንዴታ፣ አስቃኛለች።» ይህን ያሉት የጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው ሆነው ነው። ባለዋንጫው ዓይኑን ወደ ሳህኑ መልሶ ዳቦውን አላመጠ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?» አለች ልጃቸው፣ ጋውኗን እያጠለቀች። «ጠዋት ከሆነ አስፈቅጄ እሸኝሃለሁ። ሁሌ ሳላይህ ነው የምትሄደው።»

ልጅቷ ክፉ አልተናገረችም፤ እንዲያውም አለቃዋን ለምና ልትሸኛቸው ነው። ጋሼ ፍሬን ግን የሰሙት «ነገ» እና «የምትሄደው» የሚሉትን ብቻ ነው። «በጠዋት» አሉ። ቃሉን ራሳቸው ነው የተናገሩት፤ ከተናገሩት በኋላ ግን ሌላ ሰው የፈረደባቸው ያህል ከፋቸው። ባልና ሚስት ተያይዘው ወጡ። ቤቱ ጭር ሲል የቧንቧው ጠብታ መሰማት ጀመረ። ሳህኖቹን አጠቡ፤ የት እንደሚቀመጡ ስለማያውቁ ደርድረው ጠረጴዛ ላይ ተዉአቸው። ሶፋው ላይ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ በመስኮት አዩ፣ እንደገና ተቀመጡ። የሰው ቤት ውስጥ ብቻውን የቀረ ሰው እጁን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም። በመጨረሻ ኮታቸውን ለብሰው፣ የተዉላቸውን ቁልፍ ይዘው ወጡ።

እግራቸው የወሰዳቸው ወደ ፌርማታ ነው። ድሮ የነዱት መስመር አሁንም አለ፤ አውቶቡሱ ተቀይሯል እንጂ። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ይነዳል ከማለት ይወረውራል ማለት ይቀላል፤ ፍሬን በያዘ ቁጥር ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይላተማል፣ የተረገጠ ሁሉ ይራገማል። ጋሼ ፍሬን በየማዞሪያው ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ወለሉ ላይ ግን የሚረገጥ ነገር የለም። እንዴት ብለው እንደሚነግሩ ያሰላስላሉ። ለልጄ ልንገራት? ታለቅሳለች። ታልቅስና በኋላስ? ከባሏ ልታማክር ትሄዳለች፤ እነሱ ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ልስማ? ለባሏ ልንገረው? እሱ የሳቅ ሰው ነው፤ ቢስቅብኝስ? መጨረሻው ፌርማታ ላይ ትኬት ቆራጩ «መጨረሻ ነው አባት፣ ይውረዱ» አላቸው። «ተመላሽ ነኝ» አሉና ሌላ ትኬት ቆረጡ። ሲመለሱም የተሻለ ሐሳብ አልመጣላቸውም፤ ስለዚህ ወንድ ለወንድ ይሻላል ብለው ከባለዋንጫው ሱቅ ደጃፍ ወረዱ።

ሱቁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ዋንጫ ነው፤ የላይኞቹን አቧራ አልብሷቸዋል። ባለዋንጫው ማሽኑ ላይ አቀርቅሮ የአንድ ጡረተኛ አስተማሪ የምስጋና ሰሌዳ እየቀረጸ ነበር። ሲያያቸው ፊቱ በራ፤ ብቸኛዋን በርጩማ በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጣቸው፤ ከጎረቤት ሻይ አስመጣ። ጋሼ ፍሬን ሻዩን በማንኪያ አማሰሉ፣ ስኳር ግን አልጨመሩበትም። ከሩቁ ለመጀመር ፈለጉ።

«ይኼ የመቀበያው ነገር… ለልጄ ስንቱን ሰጥተሃታል?»

ባለዋንጫው ሳቀ። «ለእሷማ የለም። ለቤት ሰው አይሰጥም አባባ፤ ለእንግዳ ብቻ ነው። የቤት ሰውማ በምን ይሸለማል? ሥራ ነው የሚሰጠው።»

ጋሼ ፍሬን ሻያቸውን ፉት አሉ። ልሳናቸው ላይ የነበረው ቃል ተመልሶ ወደ ሆዳቸው ወረደ። ይህ ልጅ ክፋት የለውም፤ ከነገሩ ሁሉ የባሰውም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቆጡት ነበር። እዚያው ሳሉ ስልኩ ጮኸ። ባለዋንጫው አንስቶ «እሺ አክስቴ፣ እሺ፣ ምን ችግር አለ፣ ቤትሽ አይደለም እንዴ» ሲል ቆየና ዘግቶ ራሱን ያዘ።

«ኦዲተሯ ናት» አለ። «አክስቴ። ዛሬ ማታ ትገባለች። ዓይኗን ልትታከም ቀጠሮ አላት፤ ሳምንት ትሰነብታለች። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጓዳ ገብታ ነው ድስት የምትከፍተው። ለእሷ ምን ይጻፍላት ይላሉ?»

ጋሼ ፍሬን ልባቸው እዚያ አልነበረም። «‹የድስት ክዳን በማንሳት አንደኛ› በላት» አሉ፣ እንዲሁ ለመገላገል።

ባለዋንጫው ማሽኑን ተደግፎ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ወዲያውም የተጣለች ዋንጫ አንስቶ ቆርቆሮዋን ይፍቅ ጀመር። ጋሼ ፍሬን ግን የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነው። «የት ትተኛለች ታዲያ?» አሉ ቀስ ብለው። ባለዋንጫው እጁን አቆመ። ቤቱ ውስጥ ትርፍ አልጋ አንድ ነው፤ ትናንት የተኙበት። እሱም ይህን ያሰበው ገና አሁን መሆኑ ፊቱ ላይ ታየ። «እሱን… እናያለን እንግዲህ» አለና አንገቱን አከከ። ጋሼ ፍሬን ተነሡ። ነገ የተባለው መሄድ ዛሬ ሆኗል ማለት ነው።

ቤት አገናኝ ደላላ የትም አይጠፋም። ካፌ ደጃፍ ቆሞ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር አንዱን ጠየቁትና ወሰዳቸው። ክፍሉ የመኪና ባትሪ የሚሞሉ ሰዎች ከሚሠሩበት በላይ ነው፤ አሲዱ ከታች እየወጣ ጉሮሮ ይከረክራል። መስኮቱን ሲከፍቱት የጎረቤት ግድግዳ አፍንጫቸው ሥር ተገተረ። ኪራዩ ከጡረታቸው ከሦስት እጅ ሁለቱን ይውጣል፤ ውኃና መብራት ለብቻ ነው። አልጋ የለም፤ ሚስማር ግን ግድግዳው ላይ በሽ ነው። አከራይዋ እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆመው ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው አዩዋቸው።

«ብቻዎትን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ሽማግሌ ሰው ሲታመም ማን ያስታምማል ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም። ልጆች የሉዎትም?»

ጋሼ ፍሬን ግድግዳውን አዩ። አለችኝ ቢሉ «ታዲያ ለምን እሷ ጋ አይሆኑም?» መባሉ አይቀርም። «የለኝም» አሉ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደረጃውን ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ እሷንም አሳድገው፣ አስተምረው፣ ድረው፣ ዛሬ በሰላሙ ቀን ለማያውቋት ሴትዮ የለችኝም አሉ። ለምን? ለአንዲት ቃል አፍረው። ደላላው «ታዲያ እንጨርስ?» እያለ ከኋላቸው ተከተለ፤ አልመለሱለትም። እንዲህ አፍረው አያውቁም፤ ከአውቶቡስ ጋራዡ ደጅ የጡረታ ደብዳቤ ተቀብለው ብቻቸውን የወጡ ዕለት እንኳ እንዲህ አላፈሩም። ጎዳናውን ሁለት ጊዜ ተሳስተው፣ አንድ መኪና ጥሩንባውን እስኪነፋባቸው መሀል አስፋልት ላይ ቆመው፣ እንደምንም ቤት ደረሱ። ሻንጣቸው ሳይከፈት እንዳለ ነው። የቀረው ፎጣቸውን አጣጥፎ መክተት ብቻ ነበር። ዚፑን ዘጉና አልጋው ጫፍ ላይ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሻንጣውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ልጃቸው ከሰዓቷ ቀድማ ገባች። ጋውኗን አላወለቀችም። በሩ ላይ ቆማ አባቷንም ሻንጣውንም አየች።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ቤቴ ነዋ። እንግዳ ይመጣባችኋል አሉ። ቦታውን ልልቀቅ ብዬ ነው።»

«የቱ ቤትህ?»

ጋሼ ፍሬን የሻንጣውን ዚፕ ነካኩ።

«እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው ደወለልኝ» አለች። «ዘበኛ ነኝ አለኝ። የአባትሽ ስልክ አልሠራ ብሎኝ ቁጥርሽን ከአከራያቸው ወስጄ ነው፣ ላመሰግናችሁ ነው አለኝ። የሰጣችሁኝ አልጋ ላይ ተኝቼ ወገቤ ተፈታ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ አለኝ። የምን አልጋ እንደሆነ ሳላውቅ ምንም አይደለም አልኩት። ከዚያ ስጠይቀው ሁሉንም ነገረኝ። ቁምሳጥኑንም፣ ቁልፉንም፣ የሚገቡትን ሙሽሮችም።» ድምፅዋ ቀጠነ። «የአባቴን ቤት መፍረስ ከዘበኛ ነው የሰማሁት። ለደንበኛ የራስ ምታት ክኒን እየቆጠርኩ።»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

ወደ መስኮቱ ሥር ጠቆሙ። «ዋንጫዋ ላይ ‹ሄዱ› ይላል» አሉ በመጨረሻ፤ እንደ ልጅ።

«እሱ እኮ አያውቅም አባዬ። አንተ መች እንደ ሰው ትሄዳለህ? በመጣህ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ ጫማህን በእጅህ ይዘህ፣ በሩን እንደ ሌባ ቀስ ብለህ ዘግተህ ነው የምትወጣው። አንድ ቀን ቁርስ አብረኸን በልተህ አታውቅም፤ ዛሬ የመጀመሪያህ ነው። እሱ በዚህ ነው የቀለደው። ካንተ ጋር ለመቀለድ ከሠርጋችን ጀምሮ ሲፈራ ኖሮ ነው ትናንት የደፈረው። ማታ በሩ ሥር ቆሞ ሳቅህን ሲጠብቅ ነበር፤ ሳይሰማ ቀርቶ ከፍቶት እንደተኛ ጠዋት ነገረኝ።»

ጋሼ ፍሬን ሻንጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀመጠች፤ አልጋው ሲጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ያንን «የለኝም» ያሉትን ሊነግሯት አፋቸው ድረስ መጥቶ የተዉት። አንዳንዱን ሆድ ይፍጀው።

«ልጅ ሳለሁ» አለች፣ «ካንተ ጋር ትምህርት ቤት ስሄድ ትዝ ይልሃል? ወንበር ባዶ እያለ ቁሚ ትለኝ ነበር። ‹ተሳፋሪ ይቀመጣል፣ የኔ ሰው ይቆማል።› እግሬ እስኪዝል አለቅስ ነበር። ኋላ ግን ደስ አለኝ። የክፍሌ ልጆች ተቀምጠው እኔ ከመሪው አጠገብ ቆሜ ስሄድ አውቶቡሱ የኔ ነበር የሚመስለኝ።» አፍንጫዋን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። «ዛሬ አንተ ትቆማለህ። አልጋውን ለባሌ አክስት ልቀቅ። ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው፤ ሶፋው ደግሞ ጎርባጣ ነው፣ ከወዲሁ ልንገርህ።»

«ባልሽስ?»

«ለባሌ እኔ አልነግርልህም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኔ ይህንን ቀኑን ሙሉ ለሰው ነው የምናገረው። አፍ አለህ። አንተው ንገረው።» ተነሥታ አንሶላውን ትገፍ ጀመር።

ኦዲተሯ የገቡት ሊመሽ ሲል ነው። ደርባባ ሴት ናቸው፤ ትንፋሻቸው ከደረጃው በላይ ቀድሟቸው ገባ። ባለዋንጫው ከኋላቸው ሻንጣ ተሸክሞ ያልባል። እንደተባለው ጫማቸውን ሳያወልቁ ጓዳ ገቡ፤ ክዳን ሲነሣ፣ ክዳን ሲወድቅ ተሰማ፤ «ሾርባው ጨው ያንሰዋል» የሚል ፍርድ ወጣ፤ ባለዋንጫው በዚህ መሀል አዲሷን ዋንጫ ትራሱ ላይ አኖረ። ከዚያ ዕቃቸውን ሊያስቀምጡ ወደ ትንሿ ክፍል ሲያልፉ ልጃቸው የጋሼ ፍሬንን እጅጌ ይዛ ጎትታ ኮሪደሩ ላይ አቆመቻቸው። ባለዋንጫውም እየተሹለከለከ መጣ። ሦስቱ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ፣ በሩ ሥር ተጠጉ። ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንድ «ውይ» ተሰማ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን የሚያነቃንቅ ሳቅ። «ማነው ይህን የጻፈው? ማነው ይህ ባለጌ?» እያሉ ይስቃሉ ኦዲተሯ። ባለዋንጫው በአገጩ ወደ ጋሼ ፍሬን ጠቆመ። እሳቸውም ሳያስቡት ሳቁ፤ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ የቀረው ሳቅ ነው መሰል፣ ቶሎ አላቆም አላቸው።

ጠረጴዛው ላይ አራት ሆነው ሲቀመጡ የማቀዝቀዣው በር እንደተዘጋ መቆየት ነበረበት። ሾርባው ጨው ተጨምሮበታል። ኦዲተሯ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ሐኪማቸው፣ ስለ መንገዱ ዋጋ አወሩ። ከዚያ ዞር አሉና፣ ሴትዮዋ ምንም ነገር ሳይቆጥሩ አያልፉምና፣ «እርስዎን ከአልጋ አስነሣሁዎት። ሶፋ ላይ ደግሞ ለእርስዎ ዕድሜ እንዴት ይሆናል? መቼ ነው የሚመለሱት?» አሉ።

ማንኪያዎች ቆሙ። ጋሼ ፍሬን ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ሳህኗን ታያለች፤ ዓይኗን አታነሣም። ከሩቁ የሚጀመርበት መንገድ አልነበረም፤ ፌርማታው ከፊታቸው ነው።

«አልመለስም» አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸው እንግዳ ሆነባቸው። «ቤት የለኝም እትዬ። አከራዬ ለልጃቸው ፈለጉት፣ ለቀቅሁ። እዚህ ልኖር ነው የመጣሁት። ሁለት ሌሊት ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እነሱ ካልተቸገሩብኝ እዚህ ነው የምኖረው።»

ባለዋንጫው ማንኪያው በአፉና በሳህኑ መካከል ቀርቷል። የሚለው ቀልድ ጠፍቶት ያዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሚስቱን አየ፤ እሷም አሁን ዓይኗን አንሥታ አየችው። ዓይኑ ቀላ። ቆርቆሮው ላይ የቀረጸው ነገር ትዝ ብሎት ይሁን፣ ወይም ሌላ ሐሳብ ገብቶት፣ ጋሼ ፍሬን ማወቅ አልቻሉም። ሁሉ ነገር በዚህ ልጅ አፍ ላይ ነው ያለው።

ባለዋንጫው ማንኪያውን አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያውስ አባባ» አለ፣ «የቤት ሰው ከሆኑማ፣ የአክስቴ ሁለተኛ ሻንጣ ታች ፀጉር ቤቱ ጋ ነው የቀረው። እኔ አንዱን አውጥቼ ወገቤ ተቆርጧል። ሳይዘጉ ቢያመጡልኝ።»

«ሽማግሌ ሰው ሻንጣ ታሸክማለህ?» አሉ ኦዲተሯ ተቆጥተው።

ጋሼ ፍሬን ግን ተነሥተው ነበር። በጎን እየተራመዱ ከሶፋው አልፈው፣ ኮታቸውን ሳይለብሱ ወጡ። ደረጃውን እንዴት እንደወረዱት አላወቁትም። ፀጉር አስተካካዩ መጋረጃውን ሊያወርድ ሲል ደረሱበት። ሻንጣዋ ድንጋይ የተጨመረባት ትመስላለች። በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ አንድ ደረጃ እየጎተቱ፣ እያረፉ፣ እያቃሰቱ ይወጡ ጀመር። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሴት የደረቀ ልብስ ታቅፋ በሯ ላይ አገኘቻቸው። ከዚህ በፊት ሁለት ሦስቴ በጠዋት ሲወጡ አይታቸዋለች፤ ሰላም ብላቸው ግን አታውቅም። ለማለፍ ጥግ ያዘችላቸውና ሻንጣውን አየች።

«ምነው አባባ፣ እንግዳ መጣባችሁ?»

ጋሼ ፍሬን ሻንጣውን አሳረፉ። ላባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ወደ ላይ፣ ወደ ሦስተኛው ፎቅ አንጋጠው ተነፈሱ።

«መጣብን» አሉ፣ ምርር ብሏቸው። «ያውም ለሳምንት።»